«ሊኑክስ አንደግፍም»፦ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ለምን አልገናኝም እንደሚል የ30 ዓመት ታሪክ

ቪፒኤን የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን የተማርነው ከመሥሪያ ቤት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ፣ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲዘጉ እናቶቻችን ሳይቀሩ «እስቲ ቪፒኤኑን አብራልኝ» ማለት ለመዱ። ስለዚህ በእኛ አገር ቪፒኤን ማለት የተዘጋ ነገር መክፈቻ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ግን ለመዝጋት ነበር፦ ድርጅት ኔትወርኩን ከውጭ ሰው ዘግቶ ለሠራተኛው ብቻ አንዲት በር እንዲተውለት።

ዛሬ የማወራው ስለዚህች በር ነው። በተለይ ደግሞ ሊኑክስ ይዞ በሯ ላይ ስለሚቀረው ሰው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ ሆኖ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ወጣት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ብዙዎቹ ሊኑክስ ይጠቀማሉ፤ አንዳንዱ ሙያው ፕሮግራሚንግ ስለሆነ፣ ሌላው አሮጌ ላፕቶፑ አዲሱን ዊንዶውስ ስለማይችል። ሰኞ ጠዋት ክላየንቱን ይከፍታል። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ስልኩ ላይ የመጣውን ቁጥር አስገብቷል፣ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ «ግንኙነቱ አልተሳካም»። ለአይቲ ክፍል ይጽፋል። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ ሊኑክስ አንደግፍም፣ ዊንዶውስ ይጠቀሙ። በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ያልተገናኘበት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው።

በእኔ እምነት ይህቺ መልስ ብዙ ጊዜ ሐሰት ናት። ከነዚህ ብልሽቶች ጀርባ ከ10 እና ከ20 ዓመት በፊት አንድ መንግሥት፣ አንድ ኩባንያ ወይም አንድ የአይቲ ክፍል የወሰነው ወይም ሳይወስን ያሳለፈው ነገር አለ። አልገናኝም ያለው ኮምፒውተርም ከሁለቱ ወገን ትክክለኛው እሱ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ታሪኩን ላውራችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቪፒኤን በፊት ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ኮምፒውተሮቹን ለማገናኘት ከስልክ ድርጅት የተለየ መስመር ይከራይ ነበር። መስመሩ የእሱ ብቻ ነው፤ ኪራዩ ግን ውድ ነው። ከቤቱ የሚሠራ ሠራተኛ ደግሞ በሞደም ወደ መሥሪያ ቤቱ ይደውላል፤ ሌላ ከተማ ከሆነ የረጅም ርቀት ጥሪው በደቂቃ ይቆጥራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢንተርኔት ሲረክስ ሰዎች አንድ ነገር አሰቡ፦ አንዱን ፖስታ ሌላ ፖስታ ውስጥ አሽገን በሕዝብ መንገድ ብንልከውስ? ከውጭ የሚታየው አድራሻ የመሥሪያ ቤቱ በር ብቻ ነው፤ የውስጡን የሚከፍተው በሩ ላይ ያለው ማሽን ነው። ቪፒኤን ማለት ይኸው ነው። በሩ ላይ ያለውን ማሽን ጌትዌይ፣ ሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም ክላየንት ይሉታል።

ማይክሮሶፍት ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆኖ በዚያው ሰሞን ፒፒቲፒ የተባለ ፕሮቶኮል አወጣና ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ሰጠው። ለብቻው የሚጫን ነገር ስላልነበረ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1998 ብሩስ ሽናየር እና መጅ በሚል ስም የሚታወቀው ባለሙያ የማይክሮሶፍትን አሠራር መርምረው ከባድ ድክመቶቹን አሳተሙ። በ2012 ደግሞ ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ዴቪድ ሃልተን የፓስወርድ ማረጋገጫውን ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ የሚሰብር መሣሪያ ይዘው ብቅ አሉ። በመሃል 14 ዓመት አለ፤ በእነዚያ 14 ዓመታት በፒፒቲፒ ሲገለገሉ የኖሩ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ።

ፒፒቲፒ ሌላም ጠባይ ነበረው። ንግግሩን በአንድ መንገድ ጀምሮ ዕቃውን በሌላ መንገድ ይልካል። ሁለተኛውን መንገድ ብዙ የቤት ራውተሮች አያውቁትም ነበር። ስለዚህ ሠራተኛው «ፓስወርድ በማረጋገጥ ላይ» የሚል ጽሑፍ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ፓስወርዱን አሥር ጊዜ ይቀይራል። ፓስወርዱ ግን ምንም አልነበረበትም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ አለ፤ ክላየንቱ ሲቆም ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቃል የቆመበትን ሰፈር እንጂ የችግሩን ስም ላይነግራችሁ ይችላል።

ወደ ሊኑክስ እንምጣ። እዚህ ላይ መጀመሪያ እጁን ያስገባው የአሜሪካ መንግሥት ነው።

በዚያ ዘመን ጠንካራ ምስጠራ በአሜሪካ ሕግ ከጦር መሣሪያ ጋር አንድ ዝርዝር ላይ ነበር። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስከስሳል። ፒጂፒ የተባለውን የምስጠራ ፕሮግራም የጻፈው ፊል ዚመርማን ከ1993 እስከ 1996 መጀመሪያ በወንጀል ምርመራ ሥር ቆይቷል። የፕሮግራሙ ኮድ በ1995 በኤምአይቲ ፕሬስ በመጽሐፍ መልክ ታተመ፤ መጽሐፍ ከአገር ማውጣት አይከለከልማ! ያው ኮድ በዲስክ ሲሆን መሣሪያ፣ በወረቀት ሲሆን ሥነ ጽሑፍ።

ጆን ጊልሞር የሚባል ሰው ከሰን ማይክሮሲስተምስ ቀደምት ሠራተኞች አንዱ፣ የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም መሥራች ነው። በ1996 ትልቅ ሐሳብ ይዞ ተነሣ፦ በዓመቱ መጨረሻ ከኢንተርኔት ትራፊክ 5 በመቶው በሰላይ ጆሮ እንዳይሰማ አድርጎ መመስጠር። መሣሪያው ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ፍሪ ኤስዋን የተባለ ሶፍትዌር ይሆናል። መንግሥት በምስጠራ ሕጉ እንዳይዘው አንድ ጥብቅ ደንብ አወጡ፤ ከአሜሪካዊ አንድም መስመር ኮድ አንቀበልም። ጊልሞር ራሱ አሜሪካዊ ነው። ስለዚህ መሥራቹ በራሱ ፕሮጀክት ላይ ኮድ የማይጽፍ ሆነ፤ ሥራው ካናዳና ሌሎች አገሮች ባሉ ሰዎች እጅ ተሠራ።

የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት በኤፕሪል 1999 ወጣ። ጠንካራ ምስጠራ በዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ስላልነበረ ተጠቃሚው ማሟያውን ለብቻው አውርዶ፣ ከርነሉን ራሱ አጠናቅሮ መትከል ነበረበት። ዊንዶውስ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ክሊክ ሲያደርግ፣ ሊኑክስ ያለው ሰው የኮምፒውተሩን ልብ አውጥቶ መልሶ ይሰፋል። ሊኑክስ ለቪፒኤን አስቸጋሪ ነው የሚለው ስም አንዱ ምንጭ ይሄ ይመስለኛል፤ ምንጩም ዋሽንግተን ነው።

በጃንዋሪ 2000 ሕጉ ላላ። ፍሪ ኤስዋኖች ግን ነገ ተመልሶ ቢጠብቅስ ብለው ደንባቸውን አልለቀቁም። በ2003 መጨረሻ የወጣው የሊኑክስ 2.6 ከርነል የራሱን አይፒሴክ ይዞ መጣ፤ ፍሪ ኤስዋን በ2004 ተዘጋ። የጊልሞር 5 በመቶ በዚህ መንገድ አልተሳካም። አንዱ ምክንያት በጣም ተራ ነው፦ ሁለት የማይተዋወቁ ኮምፒውተሮች በራሳቸው እንዲመሳጠሩ ባለቤቱ ቁልፉን በአገልግሎት አቅራቢው እጅ ባለ የዲኤንኤስ መዝገብ ላይ ማስፈር ነበረበት። ተራ ሰው ያንን መዝገብ መቼ ይነካል? ኮዱ ግን ልጆች ወለደ፤ ኦፕን ስዋን፣ ስትሮንግ ስዋን፣ በኋላም ሊብረ ስዋን። ዛሬ ሊኑክስ ላይ አይፒሴክ ለመትከል የሚፈልግ ሰው ሦስት ወፍ አንድ ዛፍ ላይ አግኝቶ ግራ የሚጋባው በዚህ የዘር ሐረግ ምክንያት ነው።

ጄምስ ዮናን ደግሞ በ2001 አካባቢ መካከለኛው እስያን እየዞረ ከርቀት ይሠራ ነበር። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚገባው ጨርሶ በማያምናቸው የኤሺያና የሩሲያ ኢንተርኔት አቅራቢዎች በኩል ነው። የኛን ሰው ሁኔታ አስቡት፤ ያው ነው። ያሉት መሣሪያዎች ወይ ደካማ ወይ ለመትከል የሚያሰቃዩ ስለሆኑበት የራሱን ጻፈ፤ ኦፕን ቪፒኤን ተባለ። በተቻለ መጠን ሁሉም ነገር በአንዲት በር ብቻ እንዲያልፍ አደረገው። ከፒፒቲፒ ሁለት መንገድ ጋር አወዳድሩት።

ኦፕን ቪፒኤን የሊኑክስን ከርነል ሳይነካ የሚሠራው ተን የሚባል ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ ስላለ ነው። ካርዱ ኬብል የለውም፤ የኬብሉ ጫፍ ፕሮግራም ውስጥ ነው የሚገባው። ክላየንታችሁ «ተን ዲቫይስ መክፈት አልቻልኩም» ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከርነሉ ትናንት ማታ ታድሶ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ገና ስላልተነሣ ነው። እየሠራ ያለው አሮጌው ከርነል ነው፤ የአሮጌው ሞጁሎች ግን በአንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶች ከዲስኩ ተጠርገዋል። «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክር ምክንያት ያለው በዚህ ጊዜ ነው። (ሌላ ጊዜ ግን ምክር ሰጪው የሚለው ሲያጣ የሚለው ነው።)

እስካሁን ያወራሁት በነጻ ስለተጻፉት ነው። መሥሪያ ቤቶች ግን የገዙት ከነዚህ አይደለም፤ ከነሲስኮ፣ ከነጁኒፐር ነው። ሣጥኑን ከኩባንያ ትገዛላችሁ፣ ክላየንቱም ከዚያው ይመጣል። የሲስኮ የመጀመሪያው የሊኑክስ ክላየንት ከርነሉ ውስጥ የሚገባ ሞጁል ነበረው። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሞጁሉ ይሰበራል፤ ጠጋኙም ከኩባንያው እስኪመጣ ይጠበቃል። አንድ ጀርመናዊ ገንቢ ከውጭ ሆኖ ፕሮቶኮሉን አጥንቶ ቪፒኤንሲ የሚባል ምትክ ጻፈ፤ ሰው ወደዚያ ጎረፈ።

ከዚያ ሲስኮ ኤኒኮኔክትን አመጣ። በ2009 ገደማ የሊኑክስ ከርነል ገንቢው ዴቪድ ዉድሃውስ ይህን ክላየንት ሊኑክስ ላይ ሞከረውና ያገኘውን ዘርዝሮ ጻፈ። ክላየንቱ ከአንድ የፕሮሰሰር ዓይነት ውጭ አይሠራም። ከሊኑክስ የኔትወርክ አስተዳዳሪ ጋር አይግባባም። ምን ምን ላይብረሪ እንደሚፈልግ ደብቆ ስለሚጠራቸው አንዱ ሲጎድል ለምን እንደቆመ አይታወቅም። ሁሉን ቻይ በሆነው የሩት ሥልጣን ይሠራል፤ ጊዜያዊ ፋይሎቹን የሚይዝበት መንገድ ደግሞ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ አታልሎ በዚያው ሥልጣን የፈለገውን ፋይል እንዲያስደመስሰው ያስችላል። ኮዱ ዝግ ስለሆነ ሌላ ምን እንዳለ ማየት አይቻልም። እንግዲህ የደኅንነት መሣሪያ ተብሎ የተሸጠ ነው!

ዉድሃውስ ኦፕን ኮኔክትን ጻፈ። መጀመሪያ ከሲስኮ ሣጥን ጋር ብቻ ይነጋገር ነበር፤ በኋላ ሌሎች ሰዎች ተጨምረውበት የጁኒፐርን፣ የፓሎ አልቶን፣ የኤፍ5ንና የፎርቲኔትን ቋንቋ ተማረ። ዛሬ አንድ የአይቲ ክፍል ሊኑክስ አንደግፍም ሲል ብዙ ጊዜ ሣጥኑ ሊኑክስን ያስገባል፤ የማይደግፈው የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «በሩ ላይ ያለው ሣጥን የማን ሥሪት ነው?» መሆን አለበት። ለዚህም ታሪክ ይጠቅማል፦ ኒዮቴሪስ የሚባል ኩባንያ የሠራው በብራውዘር የሚገባ ቪፒኤን በ2003 በኔትስክሪን፣ በ2004 በጁኒፐር ተገዛ፤ በ2014 ፐልስ ሴኪዩር ተባለ፤ በ2020 ኢቫንቲ ገዛው። አምስት ስም፣ አንድ የዘር ሐረግ። መሥሪያ ቤቱ «ኢቫንቲ ነው» ቢላችሁ ኦፕን ኮኔክት ውስጥ የምታገኙት ምርጫ በጁኒፐርና በፐልስ ስም ነው።

እዚህ ጋ ከቴክኒክ ከፍ ያለ ነገር አለ። የሲስኮ ሣጥኖች ሠራተኛውን ከማስገባታቸው በፊት ኮምፒውተሩን የሚፈትሽ ፕሮግራም ወደ እሱ የሚልኩበት አሠራር አላቸው። ጸረ ቫይረስ አለው ወይ? ፋየርዎሉ በርቷል ወይ? ሊኑክስ ላይ ይህ ፍተሻ ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ የሚፈልገው የዊንዶውስ ዕቃ እዚያ የለምና። የኦፕን ኮኔክት ሰዎች ይህን ተላኪ ፕሮግራም ያለምንም ይሉኝታ ትሮጃን ብለው ይጠሩታል፤ ከውጭ የመጣ፣ ያልመረመራችሁት፣ እናንተ ማሽን ላይ የሚሮጥ ነገር ነውና። አማራጭም ሰጥተዋል፤ በፍተሻው ፋንታ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ትንሽ ስክሪፕት ማስኬድ ይቻላል። አንዳንዱ ሰው ስክሪፕቱን «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ እንዲዋሽ ያደርገዋል።

እኔ በዚህ አልስማማም። በውሸት መግባት ከተነቃበት ሥራ ያሳጣል፤ ለኮንትራት ሠራተኛ ደግሞ ማንም አይሟገትለትም። ግን ከመሥሪያ ቤቱም ጋር አልስማማም። ላፕቶፑ የድርጅቱ ከሆነ የፈለገውን ይፈትሽ። ሠራተኛው በራሱ ገንዘብ የገዛው፣ የቤተሰቡ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ ግን የመፈተሽ መብቱን ከየት አመጣው? ፍተሻ ከፈለገ ማሽን ይስጥ።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ታሪክ ደግሞ የ2022ቱ ነው።

በኤፕሪል 2022 ኡቡንቱ 22.04 ወጣ። ኮምፒውተራቸውን ያሳደጉ ሰዎች በማግሥቱ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገቡ አንዳንዶቹ ቪፒኤን፣ አንዳንዶቹ የዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ አልገናኝም አላቸው። መልእክቱ ባጭሩ «ደኅንነቱ ያልተጠበቀው አሮጌ ድጋሚ ድርድር ተከልክሏል» የሚል ነበር። ያው ኮምፒውተር ትናንት በአሮጌው ኡቡንቱ ይሠራ ነበር። ዊንዶውስ ያላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸውም ይገባሉ። ስለዚህ ሁሉም አንድ ድምፅ ሆኖ፦ ኡቡንቱ አበላሸው።

የመልእክቱ ታሪክ ግን ከ2009 ይጀምራል። ማርሽ ሬይ እና ስቲቭ ዲስፔንሳ የሚባሉ ባለሙያዎች ቲኤልኤስ በሚባለው፣ ባንካችንንም ኢሜይላችንንም በሚጠብቀው የምስጠራ ፕሮቶኮል ውስጥ ቀዳዳ አገኙ። ሁለት ወገኖች በመሃል «እንደገና እንደራደር» ሲባባሉ፣ መንገድ ላይ የቆመ ሦስተኛ ሰው የራሱን ቃል ከፊት ሰክቶ የሌላው ሰው ንግግር መጀመሪያ ማስመሰል ይችላል። ጉዳዩ በኖቬምበር 2009 ይፋ ሆነ፤ መፍትሔው በፌብሩዋሪ 2010 የኢንተርኔት ደረጃ ሆኖ ታተመ። ማስተካከያው ከባድ አልነበረም፤ ሰርቨሮች ሶፍትዌራቸውን ማደስ ብቻ ነበረባቸው።

ብዙዎቹ አደሱ። ያላደሱም ነበሩ። የሊኑክስ ፕሮግራሞች በብዛት የሚጠቀሙበት የምስጠራ ላይብረሪ ኦፕን ኤስኤስኤል እነዚህን ሰነፎች በትዕግሥት ሲያስገባ ቆየ። በሴፕቴምበር 2021 የወጣው 3.0 ስሪት ግን ትዕግሥቱን ጨረሰ፤ ይህን መፍትሔ ከማያውቅ ሰርቨር ጋር በነባሪ አልገናኝም አለ። ኡቡንቱ 22.04 ይህን ስሪት ይዞ ነው የመጣው።

አስቡት። 12 ዓመት። በሩ ላይ ያለው ሣጥን፣ የድርጅቱን ምሥጢር ሁሉ እንዲጠብቅ የተቀመጠው፣ ለ12 ዓመት አንድ የታወቀ ቀዳዳ ሳይደፍን ኖረ። ይህን ያወቀው አንድ የሠራተኛ ሊኑክስ ነው፤ አልገናኝም በማለት። እና የአይቲ ክፍሉ መልስ ምን ሆነ? ሊኑክስ አንደግፍም።

ይባስ ብሎ በየግሩፑ የተሠራጨው መፍትሔ የኦፕን ኤስኤስኤልን ዋና የማዋቀሪያ ፋይል ከፍቶ ያንን ክልከላ ማንሣት ነበር። ይሠራል፣ ያገናኛል። ግን ክልከላውን ያነሣችሁት በዚያ ላይብረሪ ለሚሠራው ፕሮግራም ሁሉ ነው፤ ለአንድ ሰነፍ በር ብላችሁ የቤቱን መዝጊያ በሙሉ ነቀላችሁ። የግድ ከሆነ ለቪፒኤን ክላየንቱ ብቻ የተለየ የማዋቀሪያ ፋይል ሠርቶ፣ ፕሮግራሙን በዚያ ፋይል ማስነሣት ይቻላል። ዋናው ግን መልእክቱን ቃል በቃል ገልብጦ፣ «ጌትዌያችሁ ከ2010 ጀምሮ ያለውን የቲኤልኤስ ማስተካከያ አይደግፍም፤ ሶፍትዌሩን ማደስ ያስፈልጋል» ብሎ ለአይቲ ክፍል መጻፍ ነው። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤን «ዊንዶውስ ይጠቀሙ» ብሎ መመለስ ያሳፍራል።

የጌትዌይ ስንፍና ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ በሌላ መንገድ ታይቷል። በሜይ 2021 ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ነዳጅ የሚያስተላልፈው ኮሎኒያል ፓይፕላይን ለቀናት ቆመ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ማንም በማይጠቀምበት፣ ግን ባልተዘጋ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም በማይጠይቅ አሮጌ የቪፒኤን አካውንት ነው። ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቤዛ ከፈለ። በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት የፌዴራል ተቋማት የኢቫንቲን ቪፒኤን ሣጥኖች በ48 ሰዓት ውስጥ ከኔትወርክ እንዲነቅሉ አዘዘ። ያ ሣጥን ያው አምስት ስም ያወጣለት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ክላየንቱ «ተገናኝቻለሁ» ይላል፤ ግን ምንም አይከፈትም። እዚህ ላይ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንደኛው ስም ፈቺው ዲኤንኤስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ያቺን አንዲት የስም ፋይል ለመጻፍ ሦስት ፕሮግራም ይሻማባታል፣ ቪፒኤኑ የጻፈውን ሌላው በደቂቃ ውስጥ ይሽርበታል። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር በቁጥር ሲጠራ የሚመልስ፣ በስሙ ሲጠራ ግን የማይመልስ ከሆነ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ሁለተኛው የፖስታው መጠን ነው። የኢንተርኔት ፓኬት ብዙ ጊዜ እስከ 1500 ባይት ነው። ፖስታ በፖስታ ውስጥ ሲገባ የውጪው መሸፈኛ ራሱ ቦታ ይወስዳል፤ ትልልቁ አልፎ አይሄድም። «በዛብኝ» ብሎ የሚመልሰውን መልእክት ደግሞ አንዳንድ ፋየርዎሎች ለደኅንነት ብለው ይጥሉታል። ስለዚህ ትንንሹ ነገር ያልፋል፣ ፋይል ማውረድ ሲጀምር ሁሉም ይቆማል። ኤምቲዩ የሚባለውን ቁጥር ወደ 1300 አውርዶ መሞከር ነው።

በማርች 2020 መሥሪያ ቤቶች በኮቪድ ሲዘጉ፣ ማርች 29 ላይ ሊኑክስ 5.6 ዋየርጋርድን በውስጡ ይዞ ወጣ። ጄሰን ዶነንፌልድ የጻፈው ነው፤ 4,000 መስመር ገደማ ኮድ ብቻ፣ ለማዋቀር አንድ ትንሽ ፋይል። ጊልሞር በ1996 ሐሳቡን ይዞ ከተነሣ ከ24 ዓመት በኋላ ለማዋቀር ቀላል የሆነ ቪፒኤን በዋናው በር ገባ። ዋየርጋርድ ግን ዝም ይላል። ቁልፉን ለማያውቀው ሰው ጨርሶ አይመልስም፤ ሰላይ በሩ መኖሩን እንዳያውቅ ነው። የዚህ ዋጋ ምንድነው? ቁልፋችሁ ቢሳሳት፣ ሰርቨሩ ቢሞት፣ መንገድ ላይ ቢዘጋ ሁሉም አንድ ዓይነት ዝምታ ነው።

መንገድ ላይ መዘጋት ስል በኢትዮጵያ የሚሠራ ሰው ይገባዋል። በሜይ 2012 የቶር ፕሮጀክት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የፓኬቶችን ውስጥ በሚመረምር ቴክኖሎጂ ቶር እየተዘጋ መሆኑን ይፋ አድርጎ ነበር። 2016 መጣ፣ 2023 መጣ። መርማሪው መሣሪያ ፖስታውን አይከፍትም፤ የፖስታውን ቅርጽ ነው የሚያየው። የተዘጋ ቴሌግራም የሚከፍት ቪፒኤንና የባንክ ሠራተኛን ወደ ሥራ የሚያስገባ ቪፒኤን ደግሞ ያው ቅርጽ ናቸው። ቻይና በ2017 ድንበር ተሻጋሪ ቪፒኤን የሚሠሩ አቅራቢዎች የመንግሥት ፈቃድ እንዲኖራቸው አዘዘች። ሩሲያ ኦፕን ቪፒኤንንና ዋየርጋርድን በቅርጻቸው መዝጋት ስትጀምር፣ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበትን ቪፒኤን ለመንግሥት አስመዝግበው ከእገዳው ነጻ በሚያወጣ ዝርዝር ውስጥ እንዲገቡ ተጠየቁ። ለድርጅት የተሠራው በር ለዜጋው መክፈቻ ስለሆነ፣ ድርጅቱም በሩን ለማቆየት ስሙን ማስመዝገብ ግድ ሆነበት።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ክላየንታችሁ በዝምታ ከቆመ፣ ማንኛውንም ፋይል ከመነካካታችሁ በፊት ኔትወርክ ቀይሩ። የቤቱ ዋይፋይ ከሆነ በስልክ ዳታ፣ ስልኩ ከሆነ ከሌላ አቅራቢ። በአንዱ ሠርቶ በሌላው እምቢ ካለ ሊኑክሳችሁን ተዉት፤ ጉዳዩ ኔትወርኩ ላይ ነው። ክላየንቱ የተለመደውን የድረ ገጽ በር 443ን በቲሲፒ መጠቀም ከቻለ ያንን ሞክሩ፤ ቀርፋፋ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ያልፋል። በሁሉም ቦታ እምቢ ካለ ክላየንቱን ዝርዝር መልእክት እንዲያወጣ አድርጋችሁ አስነሡትና የመጨረሻዎቹን 20 መስመሮች አንብቡ። ለአይቲ ክፍል ስትልኩ ሰዓቱን ከነሰዓት ቀጠናው ጻፉ፤ በጌትዌዩ መዝገብ ላይ የሚፈልጓችሁ በሰዓት ነውና፣ የእኛ ሦስት ሰዓት ደግሞ ለእነሱ ሌላ ነው። ዝርዝሩን ግሩፕ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ ውስጡ ያለውን ረጅም የኩኪ ቁጥር አጥፉት። ያ ቁጥር ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ያለ ፓስወርድ በእናንተ ስም ያስገባል።